ጉሮሮ ላይ የወጣ የሆድ ነገር
የቃርና የድምፅ ታሪክ ከሆጤ ሲቃኝ

ደሴ ውስጥ ጉሮሮ ብዙ ሥራ አለበት። ሆጤ ስታዲየም ጨዋታ ባለ ቀን ግማሹ ከተማ ድምፁን እዚያ ጥሎ ይመለሳል። መናኸሪያ ላይ ረዳቱ «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ!» እያለ ይውላል፤ መምህሩ በተማሪ በተጨናነቀ ክፍል ሲያስረዳ ይውላል። ሙአዚኑ ጎህ ሳይቀድ ለአዛን ይነሣል። መሪጌታው ማሕሌት ቆሞ ያድራል፤ በመውሊድ ሰሞን ደግሞ ጃማ ንጉሥና ገታ ላይ መንዙማው ከድቤው ጋር ሌሊቱን ይዘልቃል። ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ከወሎ ምድር ነው። ማሪቱ ለገሰን ያፈራ አገር ድምፁ ሲጎረንን ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ምክንያት ይፈልጋል።

የሚገኘው ምክንያት ግን በየዘመኑ ይለያያል። አንድ ሰሞን ጥፋተኛው እንጥል ነበር። ቀጥሎ ብርድ ሆነ፤ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣ፣ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ከ1,900 ሜትር በታች እየሞቀች፣ በሁለቱ መካከል የሚመላለስ ሰው ብርዱን ቢከስስ አይፈረድበትም። ከዚያ ቶንሲል፣ ከዚያ ሳይነስ መጣ። ዛሬ ደግሞ ጉሮሮው የከረከረው፣ ጠዋት ጠዋት «እህ! እህ!» የሚለው፣ አንዳች ነገር አንገቱ ሥር የተሰነቀረበት የሚመስለው ሰው ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ «ጨጓራህ ነው» ይባላል። ብዙዎች ይህን ሲሰሙ ይደናገጣሉ፤ ሆድና ጉሮሮ ምን አገናኛቸው? ግንኙነቱ አለ። ግን እውቀቱ እዚህ የደረሰው ረጅም መንገድ ተጉዞ ነው፤ በመንገዱም ላይ ከልክ በላይ የተባለም ብዙ ነው።

ከእንጥል እንጀምር። እንጥል ማስቆረጥ በወሎ ብቻ ሳይሆን በአብዛኛው የአገራችን ክፍል የኖረ ልማድ ነው። ሕፃን ጡት አልይዝ ሲል፣ የጠባውን ሲያስመልስ፣ ሲያስለው ወይም ትንፋሹ ሲያጥር «እንጥሉ ወርዷል፤ ካልተቆረጠ ጉሮሮውን ይዘጋዋል» ይባልና እንጥል ቆራጭ ይጠራል። ደም አላቆም ያለው፣ የመረቀዘው፣ በቴታነስ ያለቀው ልጅ ብዙ ነው። ይህ ድርጊት ዛሬ ከጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ተራ ይቆጠራል፤ ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግም በጎጂ ልማዳዊ ድርጊት ሰውን መጉዳትን በራሱ ምዕራፍ ይቀጣል።

እዚህ ላይ የራሴን ግምት ልጨምር። የ4 ወር ሕፃናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በየቀኑ የጠቡትን መለስ ያደርጋሉ። በጨጓራቸውና በጉሮሯቸው መካከል ያለው መዝጊያ ገና አልጠነከረም፤ ምግባቸው ፈሳሽ ነው፤ ውሏቸውም በጀርባ ነው። ዓመት ሲሞላቸው፣ ቢዘገይ አንድ ዓመት ተኩል ሲሆናቸው፣ አብዛኞቹ በራሳቸው ይተዉታል። እንጥሉ የተቆረጠ ልጅም እንደዚሁ ጊዜው ሲደርስ ማስመለሱን ይተዋል፤ ምስጋናው ግን ለምላጩ ይሆናል። እናቶቻችን ያዩት ምልክት ትክክል ነበር ማለት ነው፤ በብዙዎቹ ልጆች ላይ ነገሩ ከሆድ ወደ ላይ የሚመጣ ነበር። ቆራጩ ግን መጨረሻው ላይ የተንጠለጠለችውን ቁራጭ ሥጋ ከሰሰ።

ሆዱን በተመለከተ የቀድሞ ሰዎች ዋና ጭንቀት ኮሶ ነበር። በየጊዜው ኮሶ መጠጣት የኑሮ ሥርዓት ነበር፤ ጀምስ ብሩስን ጨምሮ ወደ አገራችን የመጡ መንገደኞች በመደነቅ ጽፈውታል። ቃርም በደንብ ይታወቅ ነበር። ተልባ ተወቅጦ ይጠጣል፣ አብሽ ይዘፈዘፋል፣ ወተት ይቀመሳል። ተልባና አብሽ ውሃ ሲነካቸው የሚያወጡት ልጋግ የተቆጣ ሥጋን ስለሚያለሰልስ መድኃኒቱ ከንቱ አልነበረም። ሆኖም በሰው አስተሳሰብ የቃር ድንበር ደረት ነው። ከዚያ በላይ ያለው የብርድ፣ የምችና የእንጥል ግዛት ነው፤ ለዚያም ዳማከሴ፣ ዝንጅብልና ጦስኝ አለ።

የአውሮፓ ሕክምናም ለብዙ ዘመን ይህንኑ ድንበር አልተሻገረም። እንግሊዛዊው ዊልያም ፕራውት ጨጓራ ውስጥ ያለው አሲድ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1824 አሳተመ። አሜሪካዊው የጦር ሠራዊት ሐኪም ዊልያም ቦሞንት፣ በ1822 በጥይት ሆዱ ተበስቶ ቁስሉ ሳይገጥም በቀረ አሌክሲ ሴንት ማርቲን በተባለ ወጣት ላይ ለዓመታት ሙከራ አደረገ። ምግብ በክር አስሮ በቀዳዳው እያስገባና እያወጣ የጨጓራን ሥራ በዓይኑ አይቶ በ1833 መጽሐፍ አወጣ። ጀርመናዊው ቴዎዶር ሽዋን በ1836 ፔፕሲንን ለየ፤ ይህ ስም ወደ ኋላ ይመለስብናል። በ1879 ደግሞ ሃይንሪክ ኲንከ የጨጓራ ጭማቂ የምግብ ቧንቧን ሊያቆስል እንደሚችል ጻፈ።

በሌላው ጫፍ የጉሮሮ ሳይንስ በዘፋኝ እጅ ተወለደ። ስፔናዊው የድምፅ መምህር ማኑኤል ጋርሲያ እ.ኤ.አ. በ1854 የጥርስ ሐኪም መስታወት ወደ ጉሮሮው አስገብቶ፣ በሌላ መስታወት የፀሐይ ብርሃን እየመለሰ፣ የገዛ ድምፅ አውታሩን ሲንቀሳቀስ አየ። ነገሩን የጀመረው ዘፋኝ መሆኑ ደስ ይለኛል፤ የድምፁ ነገር ከዘፋኝ በላይ የሚያሳስበው የለም። ከዚያ በኋላ ግን ሁለት ወገን ሆነ። አንዱ ሐኪም ከሆድ ሽቅብ እያየ ደረት ላይ ይቆማል፤ ሌላው ከአፍ ቁልቁል እያየ ማንቁርት ላይ ይቆማል። በመካከል ያለችው አንድ ስንዝር ባለቤት አጣች።

እ.ኤ.አ. 1935 ለወሎ ሰው የሚታወስ ዓመት ነው። በዚያ ዓመት የኒው ዮርኩ ሐኪም አሸር ዊንክልስታይን የምግብ ቧንቧ መቆጣት ከጨጓራ አሲድ ጋር የተያያዘ ራሱን የቻለ ሕመም ሳይሆን እንደማይቀር ጥቂት ሕሙማንን ጠቅሶ አሳተመ። ዓመቱ ሳያልቅ፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ። የአሜሪካ አድቬንቲስት ሚሲዮን የሚያስተዳድረው የተፈሪ መኮንን ሆስፒታል የቀይ መስቀል ምልክት እያለበት ተመታ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መትረየስ ይዘው የተነሡት ፎቶግራፍም ዓለምን የዞረው ከዚሁ ከደሴ ነው። ኒው ዮርክ ስለ ቃር ሲመራመር ደሴ ቁስለኛ የሚያስተኛበት ጣሪያ እየፈለገ ነበር። የሕክምናን ታሪክ በአንድ መስመር የሚጽፉት መጻሕፍት ይህን ዓይነቱን ነገር አያስገቡም፤ እውቀቱ ለምን ዘግይቶ ደረሰን ለሚል ሰው ግን መልሱ ግማሽ በግማሽ እዚህ አለ።

ከጦርነቱ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። እንግሊዝ ውስጥ ፊሊፕ አሊሰንና ኖርማን ባሬት ሽቅብ የሚመለስ አሲድ ቧንቧውን ምን እንደሚያደርገው ገለጹ፤ የባሬት ስም እስከ ዛሬ በሕመሙ ላይ አለ። ሩዶልፍ ኒሰን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ የጨጓራን አናት በቧንቧው ዙሪያ ጠቅልሎ የሚሰፋበትን ቀዶ ሕክምና አስተዋወቀ። ጉሮሮ ግን አሁንም ለብቻው ነበር። ፊላዴልፊያ ላይ ሸቫሊየር ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1928 የድምፅ አውታር የኋላ ጫፍ ላይ የሚወጣ ቁስል ገልጾ፣ ጥፋቱን ከልክ በላይ መጮኽ ላይ አድርጎት ነበር፤ ሰባኪ፣ ጠበቃ፣ አዋጅ ነጋሪ የሚይዘው ቁስል ነው ተብሎ ቀረ። እስከ 1968 ድረስ ማለት ነው። በዚያ ዓመት ቼሪና ማርጉሊስ የተባሉ ሐኪሞች ቁስላቸው አልድን ያላቸው ሦስት ሰዎች ላይ የሆድ አሲዱን ሲያክሙ የጉሮሮው ቁስል እንደጠፋ ጻፉ። ሦስት ሰው ምንም ማለት አይደለም፤ ባለቤት አጥታ የኖረችዋ ስንዝር ግን በዚያ ወረቀት ተገኘች። አዲስ አበባ ላይ የሕክምና ፋኩልቲ ከተከፈተ ገና አራት ዓመቱ ነበር።

ቀጥሎ የአሲድ መቀነሻ መድኃኒት ዘመን መጣ። ጄምስ ብላክ የሠራው ሲሜቲዲን እ.ኤ.አ. በ1976 እንግሊዝ ገበያ ወጣ፤ ኦሜፕራዞል በ1988 ስዊድን ውስጥ ተከተለ፤ ብላክ በዚያው ዓመት ኖቤል ተሸለመ። እኛ ዘንድ በዚያ ዘመን ዙሪያ የሚታወሱት የ1965 እና የ1977 ዓ.ም. ረሃቦች ናቸው። ወሎ ውስጥ የሆድ ነገር ከተነሣ የሚነሣው ረሃብ ነበር፤ የዓለም ካሜራ ኮረም ላይ ቆሞ ነበር። አሲድ የሚቀንስ ክኒን በዓለም ከሁሉ በላይ ከሚሸጡ መድኃኒቶች አንዱ ሲሆን የእኛ ሰው የሚፈልገው እህል ነበር። ዛሬ ያው ክኒን በደሴና በኮምቦልቻ ፋርማሲዎች ከሚጠሩት ስሞች ቀዳሚ ተርታ መቆሙ ጊዜ ምን ያህል እንደተገለበጠ ያሳያል።

የጉሮሮው ጉዳይ ራሱን ችሎ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ጄሚ ኩፍማን የተባለች አሜሪካዊት የጉሮሮ ሐኪም 225 ሕሙማንን ያጠናችበትን ሰፊ ጽሑፍ አወጣች። ድምፃቸው የጎረነነ፣ የሚያስላቸው፣ ጉሮሯቸው ላይ ጉብታ የሚሰማቸው፣ ያለማቋረጥ የሚጠራርጉ ሰዎች ናቸው። ቃር አለብኝ ያሉት ከግማሽ በታች ነበሩ። ሕመሙ «ድምፅ አልባው» የሚባለውም ከዚህ የተነሣ ነው፤ ደረትን ሳያቃጥል አልፎ ጉሮሮ ላይ ይሠራል።

እንዴት ይሠራል? የምግብ ቧንቧው ሁለት መዝጊያ አለው፤ አንዱ ከጨጓራ አፍ፣ ሌላው ከአንገት ሥር። የታችኛው ሲላላ አሲዱ ደረት ድረስ ይመጣል፤ ያ ቃር ነው። ቧንቧው ግን ይህን የለመደ ነው፤ ጤነኛ ሰው ላይም በቀን ብዙ ጊዜ ይደርስበታል፤ ምራቅና የቧንቧው መኮማተር ጠርገው ይመልሱታል። ማንቁርት ይህ መከላከያ የለውም። የላይኛው መዝጊያ በላላ ቁጥር ብልጭ ብላ የምታልፍ ጭጋግ ብቻ ትበቃዋለች። አሲድ ብቻም አይደለም፤ ቅድም ስሙን ያነሣነው ፔፕሲን አብሮ ይወጣል። ፔፕሲን ሥጋ የሚፈጭ ነው፤ አሲዱ ከሄደ በኋላ እንኳ በጉሮሮ ሥጋ ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ፣ አዲስ አሲድ፣ ከታች የወጣም ይሁን ከላይ የተጠጣ፣ ሲያገኘው እንደገና ይነሣል። በምድጃ አመድ ሥር እንደተዳፈነ ፍም ነው። ሥጋው ሲቆጣ ያብጣል፣ አክታ ይበዛበታል፤ ሰውየው ይጠራርጋል፤ መጠራረጉ ራሱ አውታሮቹን እያጋጨ ያቆስላል፤ ቁስሉ ደግሞ መልሶ ያስጠርጋል።

ጆሮና አፍንጫ ጋ ስንደርስ ማስረጃው እየሳሳ ይሄዳል። ኒውካስል ላይ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ከጆሯቸው ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ የተጠራቀመባቸውን 54 ልጆች መርምሮ በ45ቱ ፈሳሽ ውስጥ ፔፕሲን ወይም የፔፕሲን መነሻ አገኘ። ከጉሮሮ ወደ ጆሮ የሚሄደው ቱቦ በልጆች አጭርና ጋደም ያለ ስለሆነ ነገሩ የማይመስል አይደለም። በኋላ የመጡ ጥናቶች ግን ያነሰ ነው ያገኙት፤ ፔፕሲኑ ፈሳሹን አመጣ ወይስ እንዲያው አብሮ ተገኘ የሚለውም አልተፈታም። አፍንጫና ሳይነስ ላይ ማስረጃው ከዚህም ቀጭን ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ የልጆች የጆሮ ችግር ከሁሉ በፊት መምገል ነው፤ ጉንፋን ያመጣው፣ ሳይታከም የከረመ፣ ታምቡሩን የበሳ። የሚመግል ጆሮ ይዞ ስለ አሲድ የሚያወራ ካለ ቅድሚያውን ስቷል።

ከኩፍማን በኋላ ማዕበሉ ተነሣ። የጉሮሮ ሐኪም ሁሉ ማንቁርቱ ቀላ ያለውን ሰው «አሲድ ነው» ማለት ጀመረ፤ ማንቁርት ደግሞ በጭስም፣ በጩኸትም፣ በአለርጂም ይቀላል። ሂሳቡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። እንግሊዝ ውስጥ በስምንት ማዕከላት 346 የጉሮሮ ሕሙማን ግማሾቹ ላንሶፕራዞል የተባለውን አሲድ ቀናሽ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለው አምሳያ ክኒን፣ ለ16 ሳምንት ወሰዱ። ሁለቱም ቡድን ተሻለው፤ በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም። ውጤቱ ግንኙነቱ የለም አይልም። የጉሮሮ ቅሬታ ያለውን ሰው ሁሉ በአንድ ክኒን ማከም አይሠራም ነው የሚለው፤ የእኔም ፍርድ ከዚሁ ጋር ነው። የማን ጉሮሮ በእውነት በአሲድ እንደተጎዳ ለማወቅ ቀጭን መሣሪያ በአፍንጫ አስገብቶ 24 ሰዓት መለካት ያስፈልጋል፤ ይህ በአገራችን እምብዛም የማይገኝ ምርመራ ነው። ስለዚህ ግምት ይሠራል፤ ግምት ሲሠራ ደግሞ ኦሜፕራዞል በየቤቱ ይከርማል።

አሁን ወደ ሆጤ እንመለስ። እዚህ አሲዱን ሽቅብ የሚገፋው ምንድን ነው? ሰው ሁሉ በርበሬን ይከስሳል፤ በርበሬ ላይ ያለው ማስረጃ ግን ደካማ ነው፤ ቡናም እንደዚያው። በርበሬ ያመመው ይተወው እንጂ ከወሎ ማዕድ ይሰደድ የሚል ሳይንስ የለም። የበለጠ የሚታመነው ክስ ሰዓት ላይና አተኛኘት ላይ ነው። ጠግቦ የተኛ ሰው መዝጊያው ላይ ክብደት ይጭናል። በረመዳን ስሁር ተበልቶ ወዲያው ጎን ማሳረፍ አለ። በፋሲካ ሌሊት ከ55 ቀን ጾም በኋላ ከቅዳሴ መልስ ዶሮ ወጥ ተበልቶ ይተኛል። የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ጎህ ሲቀድ ቤቱ ገብቶ በልቶ ይጋደማል። ሁለቱም ጾሞች ራሳቸው ጥፋተኛ አይደሉም፤ ነገሩ ያለው በመጨረሻው ጉርሻና በትራሱ መካከል ነው። ሦስት ሰዓት ካለ ብዙ ይቃለላል። የአልጋውን ራስጌ በእንጨት ወይም በጡብ አንድ ስንዝር ገደማ ማንሣት፣ በግራ ጎን መተኛትና ከመጠን በላይ የተጨመረ ክብደት መቀነስ ከብዙ የምግብ ክልከላ የተሻለ ማስረጃ አላቸው።

ጫትስ? ጫት መቃም ጨጓራ ምግቡን ቶሎ እንዳያወርድ እንደሚያዘገይ እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ ሙከራ አሳይቷል። ከጫቱ ጋር የሚሄደው ለስላሳ፣ ከዚያ በኋላ በሌሊት የሚበላው እራት፣ ከዚያም እንቅልፉ ሲደመር ጉሮሮው ምን እንደሚጠብቀው መገመት አያስቸግርም። ጠላና አረቄም የታችኛውን መዝጊያ ያላላሉ። በመንዙማ ሌሊት ድምፁን የሚያወጣ ሰው፣ በማግስቱ የጎረነነውን ከጩኸቱ ብቻ አይቁጠረው።

ሌላው የሚያደናግር ነገር «ባክቴሪያ» ነው። ማርሻልና ዋረን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1982 ያገኙት፣ በ2005 ኖቤል ያሸለማቸው ኤች ፓይሎሪ ከሕዝባችን ግማሽ በሚያህለው ሰው ሆድ ውስጥ አለ። የጨጓራ ቁስልን ያመጣል፤ ሽቅብ የሚመለስ አሲድን ግን አያመጣም። «ባክቴሪያዬን ታክሜ ጉሮሮዬ አልዳነም» የሚል ሰው የታከመው ሌላ ሕመም ነው።

ክኒኑንም ቢሆን ብዙ ሰው አወሳሰዱን አያውቅም። ኦሜፕራዞል ከምግብ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ ካልተወሰደ ኃይሉ ይቀንሳል። ለወራትና ለዓመታት ያለ ሐኪም ሲወሰድ ቢ12 እና ማግኒዥየም ሊቀንስ፣ የአንጀት ኢንፌክሽን ሊያጋልጥ ይችላል። ባንድ ጊዜ ሲቆም ደግሞ አሲዱ ተመልሶ ይበዛና ሰውየው «ያለ እሱ አልሆንልኝ አለ» ብሎ እንደገና ይገዛል።

ከሁሉ የሚያሰጋኝ «ጨጓራ ነው» የሚለው ስም ሌላውን ሲሸፍን ነው። ወሎ ውስጥ ድምፅ የሚያጎረንን ነገር ብዙ ነው። በኩበትና በእንጨት ጭስ ውስጥ ስትውል የኖረች እናት ጉሮሮ አለ። የደጋው እንቅርት አለ፤ አዮዲን ያለው ጨው በ2003 ዓ.ም. በመንግሥት ደንብ ግዴታ ከሆነ ወዲህ እንኳ ያላለቀ። የሳንባ ነቀርሳ ማንቁርት ላይ ይወጣል፤ ሳልና ጉርናኔ ይዞ ይመጣል፤ በሽታው በሰፈነበት አገር እሱን ሳያዩ አሲድን መክሰስ አደገኛ ነው። የጉሮሮ ካንሰርም አለ፤ በአርሲና በባሌ የሚበዛው የምግብ ቧንቧ ካንሰር ደግሞ መጀመሪያ ላይ «ምግብ ያንቀኛል» ብቻ ነው ምልክቱ። እነዚህን የሚለየው ማየት ነው፤ በመስታወት ወይም በቀጭን ካሜራ ማንቁርቱን ማየት። የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ስፔሻሊስት በአገራችን ጥቂት ነው። ደሴ ሆስፒታል ደግሞ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ከተማዋ በተያዘችባቸው ሳምንታት ተዘርፎ፣ ከዚያ ወዲህ እንደገና የቆመ ተቋም ነው። ስለዚህ ጉሮሮን ለማሳየት ወረፋ መጠበቅ ይኖር ይሆናል። ይጠበቅ።

አንባቢዬ፣ ድምፅዎ ከጎረነነ አራት ሳምንት ካለፈው፣ ምግብ ካነቀዎት፣ ደም ከታየ፣ ከከሱ፣ አንገትዎ ላይ ጉብታ ከወጣ ወይም በአንድ ወገን ብቻ ጆሮዎን ካመመዎት፣ ሌላ ፓኮ ኦሜፕራዞል ከመግዛትዎ በፊት ጉሮሮዎን ያሳዩ። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ደግሞ ዛሬ ማታ እራትዎን ቀደም ያድርጉ፣ የአልጋዎን ራስጌ ያንሡ፣ ሁለት ወር ያህልም ይታገሡ፤ የተቆጣ ማንቁርት የሚድነው በዝግታ ነው።